ከዕለታዊ የአየር መዝገብ ለሰብል፣ ለወባና ለከብት የሚሆን መለኪያ አወጣጥ፦ በድሬዳዋና በሐረር መረጃ ለምትሠሩ

ሰኔ ላይ ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ የወጣ ሰው ሐረማያ ሳይደርስ ሹራብ ያምረዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትርን ታልፋለች። በዚህች አጭር መንገድ ሰብሉም፣ ትንኙም፣ የላሟ ጤናም ይለወጣል። ይሁን እንጂ የማሽላ ምርት ለምን ቀነሰ፣ ወባ ለምን ተነሳ ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመጡት ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ የዓመቱን አማካይ ሙቀትና የዓመቱን ጠቅላላ ዝናብ። ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጋር የሚታገል ሰው ሳይ ያሳዝነኛል፤ የሚፈልገው መልስ ዕለታዊው መዝገብ ውስጥ ተኝቶ እያለ እሱ ጨምቆ ጥሎታልና።

ማሽላን የሚጎዳው ዘለላ ባወጣበት ሳምንት የመጣ ግለት ነው። ወባን የሚያስነሳው ጥገኛ ተሕዋሲው ትንኟ ሆድ ውስጥ እድገቱን ሳይጨርስ ትንኟ ትሞታለች ወይስ አትሞትም የሚለው ነው። የዓመት አማካይ ሁለቱንም አያሳይም። ከዚህ በታች ዕለታዊ መዝገብን ይዞ ሕይወት ላለው ነገር ትርጉም ወዳለው መለኪያ እንዴት እንደሚኬድ በምሠራበት ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ኤክሴል ይበቃል፤ አር ወይም ፓይተን በተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች መሥራት የሚችል ይፈጥናል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። የሚያስፈልጋችሁ የየቀኑ ከፍተኛ ሙቀት፣ ዝቅተኛ ሙቀትና ዝናብ ነው፤ የአየር እርጥበት ከተገኘ ጥሩ። ጽንፍ የወጣ ነገር ለመለካት ካሰባችሁ 30 ዓመት ያህል መረጃ ያዙ።

1. ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት ጥያቄውን ጻፉ

ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አራት ነገር ይኑርበት፤ ማን ነው የሚጎዳው (ወይም የሚጠቀመው)፣ ከየትኛው ልክ ሲያልፍ፣ በየትኛው ወቅት፣ ለስንት ቀን። ለምሳሌ፦ «ማሽላ በሚያብብበት ሦስት ሳምንት ውስጥ ከፍተኛው ሙቀት ከ36 ዲግሪ በላይ የሆነባቸው ቀናት ብዛት።» ይህ ዓረፍተ ነገር ራሱ መለኪያ ነው፤ የቀረው መቁጠር ነው። «የሙቀት ሁኔታ በማሽላ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብሎ የጀመረ ሰው ግን ምን እንደሚቆጥር ሳያውቅ ፋይል ይከፍታል።

ልኩን ከየት ታመጣላችሁ? ሰብሉን ወይም ነፍሳቱን ካጠኑ ሰዎች ሥራ፣ እንዲሁም ከገበሬው። በሐረርጌ ደጋ ማሽላ የሚዘራው በበልግ ዝናብ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው፤ የሚታጨደው ከክረምቱ በኋላ ኅዳር አካባቢ። በመሐል የሰኔን ድርቀት ያልፋል። ሙይራ የተባለውን የአካባቢውን ማሽላ የዘራን ገበሬ ምን ያስጨንቅሃል ብትሉት ስለ ዓመቱ ዝናብ አያወራም። የሚነግራችሁ ሰኔን ስለማለፍ ነው። ያን ጭንቀት ወደ ቁጥር መመለስ የእናንተ ሥራ ነው።

2. ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው።

የቆዩ የጣቢያ መዝገቦች በእጅ የተሞሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር። እንዲህ ያለ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የመጀመሪያዋ ተጎጂ ጳጉሜ ናት። 13ኛ ወር ሲያይ ኤክሴል ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ ጽሑፍ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ በሚሠራ ስሌት ሁሉ እነዚያ 5 ቀናት የሉም። በ30 ዓመት 157 ቀን ገደማ ጠፋ ማለት ነው፤ ያውም ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ደራሽ ጎርፍ በሚጠበቅበት ጊዜ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜ 6 እንደምትሆን፣ የሚቀጥለው መስከረም 1ም በፈረንጆቹ መስከረም 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ እንደሚውል አትርሱ። ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከለወጣችሁ በኋላ በአንድ የታወቀ ቀን ፈትኑት፤ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ኦገስት 6 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ካልሆነላችሁ የሆነ ቦታ ተንሸራትቷል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ዝናብ የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ተመልካቹ ሐምሌ 30 ጠዋት መለኪያውን አንስቶ 40 ሚሊ ሜትር ካነበበ፣ ውሃው የወረደው ሐምሌ 29 ከሰዓት ወይም ሌሊቱን ሊሆን ይችላል። አንዱ መዝገብ በ29፣ ሌላው በ30 ይጽፈዋል። ከሳተላይትና ከሞዴል የሚወጣ መረጃ ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው በግሪንዊች ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የማይመሳሰሉ ከመሰላችሁ፣ ሳተላይቱን ከመውቀሳችሁ በፊት አንዱን ዓምድ በአንድ ቀን ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ታች ገፍታችሁ ዝምድናቸውን አወዳድሩ። በአንድ ቀን ሲገፋ ጉልህ ሆኖ ከተሻሻለ ችግሩ የሰዓት ነበር። ጠዋት የተነበበ ከፍተኛ ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ የትናንቱ ነው፤ ወደ ትናንት ይመለስ።

ሦስተኛው ዓመቱ የሚጀምርበት ቀን ነው። በፈረንጆች ጥር 1 የሚቆረጥ ዓመት የእኛን በጋ መሐል ላይ ይሰነጥቀዋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት የቆየ አንድ ደረቅ ወቅት ሁለት አጫጭር ሆኖ ይታያል፤ «ረጅሙ የደረቅ ጊዜ» የሚለው መለኪያ ግማሹን ብቻ ይሰጣችኋል። መስከረም 1 ላይ ብትቆርጡ ደግሞ የክረምቱ ጅራት ለሚቀጥለው ዓመት ይሄዳል። እኔ ለዝናብ ድምር ከኅዳር እስከ ጥቅምት ያለውን እንደ አንድ ዓመት እይዛለሁ፤ ተከታታይ ደረቅ ቀናትን ግን ዓመት ሳልቆርጥ ከዳር እስከ ዳር ቆጥሬ፣ ወቅቱ ላበቃበት ዓመት አስመዘግባለሁ።

3. ባዶ ቀንና ዜሮ አንድ አይደሉም

ይህን በውድ ዋጋ ተምሬዋለሁ። አንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ የተቀበልኩት የዝናብ ፋይል ውስጥ ተመልካቹ ያልተገኘባቸው ቀናት በሙሉ፣ ፋይሉን ያደራጀው ሰው በ0 ሞልቷቸዋል። ሳላውቅ የደረቅ ቀናትን ቆጠርኩ፤ በአንድ ዓመት ክረምት 47 ተከታታይ ደረቅ ቀን ወጣልኝ። የአካባቢው ሰዎች ያ ዓመት ጥሩ የዘነበበት እንደነበር ሲነግሩኝ ዋናውን መዝገብ ፈለግሁ። ገጹ ባዶ ነበር፤ አንዲት ዜሮ እንኳ በእርሳስ አልተጻፈችበትም። አንድ ወር የሠራሁበትን ትንተና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ስለዚህ ስሌት ሳይጀመር የሚከተሉትን ፈትሹ። ዝናብ ከ0 በታች ከሆነ (−99.9 ብዙ ጊዜ «አልተለካም» ማለት ነው) ባዶ ይሁን። ዝቅተኛው ሙቀት ከከፍተኛው ከበለጠ ሁለቱም ባዶ ይሁኑ፤ የትኛው እንደተሳሳተ አታውቁምና። አንድ ዓይነት የሙቀት ቁጥር ለ5 ቀንና ከዚያ በላይ ከተደጋገመ መሣሪያው ወይም ሰውየው ቆሟል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከወሩ አማካይ በ4 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት ልክ) የራቀ ሙቀትን በዓይን እዩት፤ 27.4 ሊጻፍ 72.4 የተባለ ይገኝበታል። ለዝናብ ግን ይህን የመጨረሻ ሕግ አትጠቀሙ፤ ከባድ ዝናብ ሁልጊዜ ከአማካዩ የራቀ ነው፤ የምትፈልጉትን ጎርፍ ራሳችሁ ትሰርዙታላችሁ። መዝገቡ ላይ «ዱካ» ወይም «ትሬስ» ተብሎ የተጻፈው መለኪያውን አርሶ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያልሞላ ዝናብ ነውና 0 አድርጉት፤ እሱ ባዶ አይደለም።

ከወሩ ከ3 ቀን በላይ ከጎደለ የወሩን መለኪያ አታውጡ፤ ከዓመቱ ከ15 ቀን በላይ ከጎደለም የዓመቱን። በዓለም ላይ የአየር ጽንፍ መለኪያ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ልማድ ነው፤ እኔም አልፈው አላውቅም። ለተከታታይ ቀናት ቆጠራ ደግሞ ከዚህም ጠንከር በሉ፤ በመሐል አንዲት ባዶ ቀን ካለች ያ ተከታታይ ርዝመቱ አይታወቅም፤ ባዶ ይባል።

4. ጣቢያ ከሌለ

ከሳተላይትና ከጣቢያ የተቀየጠው ቺርፕስ የሚባል መረጃ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕለታዊ ዝናብን፣ መሬቱን ጎናቸው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሳጥኖች ከፍሎ ይሰጣል። ኢራ5 የሚባለው የሰዓት በሰዓት መረጃ ሳጥኑ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የየብስ እትሙ 9። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ጣቢያንና ሳተላይትን አዋሕዶ 4 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሆነ መረጃ አለው፤ ከተቻለ ከእሱ ጀምሩ።

ለእኛ አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ከፍታው ነው። 31 ኪሎ ሜትር ሳጥን የደንገጎን ገደል ከነላዩና ከነታቹ ሊውጠው ይችላል፤ የሚሰጣችሁ ሙቀት የድሬዳዋም የሐረማያም አይደለም። በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ የሚለውን መደበኛ ማስተካከያ መጠቀም ይቻላል፤ ለቀን ሙቀት ይረዳል፤ ለሌሊት ግን ያሳስታል። ሐረማያ ሰፊ ገበታ መሳይ መሬት ላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወርዶ እዚያው ይተኛል፤ ውርጭ የሚመታትም በዚህ ነው። ከፍታን ብቻ ያየ ማስተካከያ ይህን አያውቅም። ጥቂት ዓመት የጣቢያ መረጃ ካገኛችሁ የየወሩን ልዩነት ለቀንና ለሌሊት ለየብቻ አውጥታችሁ በእሱ አስተካክሉ።

5. የሙቀት ድምር

ተክልና ነፍሳት የሚያድጉት በቀን ብዛት ብቻ አይደለም፤ በሚሰበስቡት ሙቀት ነው። ከአንድ መነሻ ሙቀት በላይ ያለው እየተደመረ ይሄዳል፤ ሙያተኞች ዲግሪ-ቀን ይሉታል። ለበቆሎ መነሻው 10 ዲግሪ፣ ጣሪያው 30 ተብሎ ይያዛል። አሠራሩ፦ ከፍተኛው ከ30 ከበለጠ 30 አድርጉት፤ ዝቅተኛው ከ10 ካነሰ 10 አድርጉት፤ ሁለቱን ደምራችሁ ለ2 ካካፈላችሁ በኋላ 10 ቀንሱ።

በምሳሌ እንየው። ድሬዳዋ ላይ ከፍተኛ 35፣ ዝቅተኛ 23 የሆነ ቀን፦ (30 + 23) ÷ 2 − 10 = 16.5። ሐረማያ ላይ ከፍተኛ 24፣ ዝቅተኛ 9 የሆነ ቀን፦ (24 + 10) ÷ 2 − 10 = 7። አንድ ዝርያ ለማበብ 700 ያስፈልገዋል ብንል፣ እንዲህ ባሉ ቀናት ታች በ42 ቀን፣ ላይ በ100 ቀን ይደርሳል። «የማበቢያ ወቅት ነሐሴ ነው» ብሎ ለሁለቱም አንድ ወር መስጠት ለምን እንደማያስኬድ ከዚህ ይታያል። ድምሩን ከዘር ቀን ጀምሩ፤ ድምሩ የአበባውን ሳምንታት ይንገራችሁ፤ ከ36 ዲግሪ በላይ የሆኑ ቀናትን በነዚያ ሳምንታት ውስጥ ብቻ ቁጠሩ።

ወባ ላይ ነገሩ ይረቃል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋሲ ትንኟ ውስጥ እድገቱን የሚጨርሰው ከ16 ዲግሪ በላይ 111 ዲግሪ-ቀን ሲሰበስብ ነው፤ ቫይቫክስ ደግሞ ከ14.5 በላይ 105። በ25 ዲግሪ ፋልሲፓረም 111 ÷ 9፣ ማለትም 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። በ20 ዲግሪ 28 ቀን፤ በ18 ዲግሪ 55 ቀን። ትንኟ ይህን ያህል ካልኖረች በሽታው አይተላለፍም። አንድና ሁለት ዲግሪ ለደጋው ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ዕለታዊ አማካይ እንኳ የሚያሳስትበትን ቦታ ልብ በሉ። ዝቅተኛው 11፣ ከፍተኛው 23 የሆነ የደጋ ቀን አማካዩ 17 ነው። ከ16 በላይ 1 ዲግሪ ብቻ፤ 111 ቀን ያስፈልጋል፤ «እዚህ ወባ አይተላለፍም» ትላላችሁ። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ለብዙ ሰዓታት ሙቀቱ 20 እና ከዚያ በላይ ነበር፤ ሌሊቱ ደግሞ ከ16 በታች ቢሆንም የተሰበሰበውን አይቀንስም፤ 0 ነው። ስለዚህ ቀኑን በ24 ከፋፍሉት። ሰዓቱን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ ከ0 እስከ 23 ቁጠሩ፦

የሰዓቱ ሙቀት = አማካይ + ((ከፍተኛ − ዝቅተኛ) ÷ 2) × ሳይን(2 × 3.1416 × (ሰዓት − 3) ÷ 24)

ይህ ከፍተኛውን ሙቀት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያደርገዋል፤ ለአካባቢያችን የሚቀርብ ነው። ከእያንዳንዱ ሰዓት 16 ቀንሱ፤ ከ0 በታች የሆነውን 0 አድርጉ፤ ደምራችሁ ለ24 አካፍሉ። ለዚያ ቀን 2.4 ይወጣል። 111 ቀን የነበረው ወደ 46 ወረደ። ልዩነቱ የመጣው ሙቀቱ ስለተለወጠ አይደለም፤ እኛ ሌሊቱን ከቀኑ ላይ መቀነስ ስላቆምን ነው።

ለድሬዳዋ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር መጀመሪያ የተገኘችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለች የከተማ ወባ ትንኝ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ከታየው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። ይህች ትንኝ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። «ዝናብ ሲበዛ ወባ ይበዛል» የሚለው የቆየ መለኪያ ለእሷ አይሠራም፤ ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው በደረቁ ወቅት ነውና። ለከተማዋ ስትሠሩ የዝናብ ድምርን ብቻ አትያዙ፤ የሙቀት ድምሩን ተከታታይ ደረቅ ቀናት ከሚለው ጋር አጣምሩ።

6. የዝናብ አጀማመርና መቋረጥ

የዘር ዝናብ ጀመረ የሚባለው መቼ ነው? በሰፊው የሚሠራበት ትርጉም ይህ ነው፦ በ3 ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ከ9 ቀን የበለጠ የዝናብ መቋረጥ ካልታየ፣ የሦስቱ ቀናት የመጀመሪያዋ የመጀመሪያ ቀን ናት። ደረቅ ቀን የሚባለው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የዘነበበት ነው።

ለመልመጃ ያዘጋጀሁት ምሳሌ፦ ሚያዝያ 3 ቀን 6.2፣ በ4 ቀን 11.0፣ በ5 ቀን 4.1 ዘነበ። ድምሩ 21.3፤ ገበሬው ዘራ። እስከ 9 ድረስ ትንሽ ትንሽ እያለ ቆየ። ከ10 እስከ 21 ድረስ ጠብታ የለም፤ 12 ቀን። ቡቃያው ጠወለገ፤ አጀማመሩ ሐሰተኛ ነበር። በ22 ቀን 14.0፣ በ23 ቀን 0.4፣ በ24 ቀን 9.5 ዘነበና ከዚያ በኋላ ቀጠለ። እውነተኛው አጀማመር ሚያዝያ 22 ነው። የሚያዝያን ጠቅላላ ዝናብ ብቻ ያየ ሰው ይህን ወር ደህና ነበር ይለዋል። ገበሬው ግን ዘሩን ሁለቴ ገዝቷል። ስለዚህ ሐሰተኛ አጀማመር ስንት ጊዜ እንደተከሰተ ራሱን ችሎ አንድ መለኪያ አድርጉት፤ ለሐረርጌ በልግ ከአጀማመሩ ቀን ይልቅ ይህ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል።

መቋረጡን በኤክሴል መቁጠር ቀላል ነው። ከዝናቡ ጎን አዲስ ዓምድ ክፈቱ፤ በየረድፉ የሚገባው ሕግ፦ የዛሬው ዝናብ ባዶ ከሆነ ባዶ፤ ከ1 በታች ከሆነ የትናንቱ ቁጥር ሲደመር 1፤ ካልሆነ 0። ባዶ ቀን ካጋጠመ በኋላ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ባዶውን አስቀጥሉ። ከዚያ ከግንቦት 15 እስከ ሐምሌ 15 ባለው ውስጥ ከፍተኛውን ቁጥር ውሰዱ። ይህ «የሰኔ ክፍተት» የምለው ነው። ከጎኑ በዚያው ክፍተት የነበረውን የከፍተኛ ሙቀት አማካይ አስቀምጡ፤ 20 ደረቅ ቀን በ27 ዲግሪና 20 ደረቅ ቀን በ35 ዲግሪ ለሥሩ አንድ አይደለም።

ከዚህ ማራመድ የሚፈልግ ትነትን ያስላ። የአየር እርጥበትና ነፋስ በሌለበት የሃርግሪቭስ ስሌት ይበቃል፦ 0.0023 × (አማካይ + 17.8) × የ(ከፍተኛ − ዝቅተኛ) ካሬ ሩት × ከከባቢ አየር በላይ የሚደርሰው የፀሐይ ኃይል በሚሊ ሜትር ተቀይሮ። የመጨረሻው በኬክሮስና በወር ከሠንጠረዥ ይነበባል፤ እኛ 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሰሜን ላይ ነን። የ10 ቀን ዝናብ ከ10 ቀን ትነት ግማሽ ሲያልፍ የሰብል ወቅት ተጀመረ፣ ሲያንስ አበቃ ማለት ይቻላል።

7. ጎርፍና ግለት

ለከባድ ዝናብ የተለመዱት የዓመቱ ከፍተኛ የ1 ቀን ዝናብ፣ ከፍተኛ የ5 ቀን ድምርና ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ የዘነበባቸው ቀናት ብዛት ናቸው። ሦስቱንም አውጡ፤ ብዙ አይደክሙም።

ቁም ነገሩ የት የሚለው ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ከባዱ ዝናብ የወረደው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ሰው የሚሻገረው አሸዋ ነው፤ የሚሞላውም ከላይ በሚመጣ ውሃ ነው። ለድሬዳዋ የጎርፍ መለኪያ ስትሠሩ የከተማዋን ጣቢያ ብቻ ከያዛችሁ የተሳሳተ ቦታ እየለካችሁ ነው። የተፋሰሱን ወሰን አውጥታችሁ በውስጡ ያሉትን የቺርፕስ ሳጥኖች አማካይና ከፍተኛ በየቀኑ አስሉ። ዕለታዊ ድምር ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር በ2 ሰዓት ይውረድ ወይም ቀኑን ሙሉ ያካፋ አይለይም፤ የሰዓት መረጃ ከተገኘ ለጎርፍ እሱን ተጠቀሙ።

ለግለት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በቁርጥ ልክ ነው፤ ከ36 በላይ፣ ከ16 በታች እንዳልነው። ሁለተኛው በፐርሰንታይል ነው፦ ለእያንዳንዱ የዓመቱ ቀን ከ2 ቀን በፊትና ከ2 ቀን በኋላ ያሉትን ጨምራችሁ የ30 ዓመት መረጃ ብትሰበስቡ 150 ቁጥር ይሆናል፤ ከነዚህ 90ኛው ፐርሰንታይል (ከመቶው 90 እጁ ከሱ በታች የሚሆንበት ቁጥር) የዚያ ቀን ወሰን ነው፤ ከዚያ ያለፈ «ሞቃት ቀን» ይባላል። የቱ ይሻላል? ሕይወት ያለው ነገር የራሱ የታወቀ ልክ ካለው ቁርጥ ልኩን ያዙ። ሐረማያ ላይ ለወቅቱ ያልተለመደ ሞቃት የተባለ የታኅሣሥ ሌሊት 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ለወባ ተሕዋሲ ትርጉም የለውም። የሰው ጤናን ስታዩ ግን ሰው ለለመደው አየር ይበረታልና ፐርሰንታይል ይሻላል። በተለይ የሌሊቱን ሙቀት ለዩት፤ በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ያደረ ሰው፣ ቀን የነደደ ሰውነት ሌሊት ካልበረደለት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ሌሊቱ ከወሰኑ በላይ የሆነባቸው 3 ተከታታይ ቀናት አንድ የግለት ሞገድ ብላችሁ ቁጠሩ።

8. ለወተት ላሞች

ላም የምትጨነቀው በሙቀትና በእርጥበት አንድ ላይ ነው። የተለመደው ስሌት፦ 0.8 × ሙቀት + (እርጥበት ÷ 100) × (ሙቀት − 14.4) + 46.4። 72 ሲያልፍ የወተት ላም መጨነቅ ትጀምራለች። ድሬዳዋ ከሰዓት 34 ዲግሪና 35 በመቶ እርጥበት ቢሆን ውጤቱ 80.5 ነው።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የማየው ስሕተት የጠዋቱን እርጥበት ከቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ጋር ማባዛት ነው። እርጥበት ከፍ የሚለው ሙቀቱ ዝቅ ባለበት ጠዋት ነው። የጠዋቱን 70 በመቶ ከ34 ዲግሪ ጋር ብትጨምሩት 87.3 ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ሰዓት በዚያ ቀን አልነበረም። የአንዱን ሰዓት ሙቀት ከዚያው ሰዓት እርጥበት ጋር አጣምሩ።

9. ዝግጁ ሆነው የሚገኙ መለኪያዎች

የድርቅ መለኪያ የሆነው ኤስ ፒ አይ ያለፉትን 1፣ 3 ወይም 6 ወራት ዝናብ ከረጅም ዘመኑ ጋር ያነጻጽራል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የበጋን ሦስት ወር በእሱ አትለኩ እንጂ፤ ዜሮ በበዛበት ወቅት አንዲት ካፊያ ቁጥሩን ታዘልለዋለች።

በዝርያዎች ስርጭት ጥናት የሚዘወተሩት 19 የአየር ንብረት መለኪያዎች ውስጥ «የእርጥቡ ሦስት ወር ሙቀት» የሚል አለ። ዝናቡ በሁለት ወቅት በሚከፈልበት በእኛ አገር ግን እርጥቡ ሦስት ወር አንዱ ቦታ በልግ፣ ጎረቤቱ ክረምት ይሆናል። ካርታው ላይ የሙቀት ድንበር ይታያል፤ መሬት ላይ ግን የለም። በልግን ለብቻ፣ ክረምትን ለብቻ አድርጋችሁ ራሳችሁ አስሉ።

10. ጥቂት መርጣችሁ ፈትኑ

መለኪያ ማውጣት ከለመዳችሁ 60 ማውጣት ቀላል ነው። 60 መለኪያ ከ20 ዓመት ምርት ጋር አንድ በአንድ ብታዛምዱ፣ አንዳቸውም ግንኙነት ባይኖራቸው እንኳ በተለመደው የ5 በመቶ ወሰን 3ቱ ገደማ በአጋጣሚ «ጉልህ» ሆነው ይወጣሉ። መጀመሪያ የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቡ፤ እሱን የሚመልሱ ሦስት ወይም አራት ብቻ አስቀሩ። ለወባ ደግሞ ከዝናቡ እስከ ታማሚው ያለውን መዘግየት፣ አንድ ሁለት ወር፣ አስቀድማችሁ ወስኑ እንጂ የተሻለ ቁጥር እስኪመጣ አትፈልጉ።

ከዚያ ሁሉም የሚያስታውሳቸውን ዓመታት እያነሳችሁ ፈትኑ። የ77ቱን ድርቅ መለኪያችሁ ያየዋል? በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኞ ክረምቱን ሲያሳጣው የሰኔ ክፍተታችሁ ረዘመ? የ1998ቱን ሌሊት የደቻቱ ተፋሰስ ቁጥር ከፍ አድርጎ አሳየው? ካላየው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀን መንሸራተት ነው፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱ። ካየው ፋይሉን በመለኪያው ስም፣ በልኩ፣ በወቅቱ መነሻና መድረሻ ቀን፣ ቀኑ በየትኛው ሰዓት እንደተቆረጠ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከባዶና ከዜሮ ጋር ዳግም እንዳይታገል።